ስም መጠየቅ የሚቻልበት ርቀት

ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ዜና ማን፣ መቼ፣ የት እና እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ሳይመልስ ከአርታኢው ጠረጴዛ አይነሳም። ከዜናው ጎን የሚቀመጠው ፎቶግራፍ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይጠየቅ ያልፋል፤ ፎቶ አንሺው ከሰውየው ምን ያህል ርቆ ቆሞ ነበር? ጥያቄው ለባለሙያ የሚተው የመሣሪያ ወሬ ይምሰል እንጂ አንባቢው ስለ አንድ ሰፈር፣ ስለ አንድ ሰልፍ ወይም ስለ አንዲት እናት ምስል አይቶ የሚያምነው ነገር የሚጀምረው ከዚያ ርቀት ነው። ርቀቱን ደግሞ አስቀድሞ የሚወስነው ካሜራው ላይ የተገጠመው ሌንስ ነው። የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። የሰውን ኑሮ ለመዘገብ የሚወጣ ፎቶ አንሺ ሌንሱን ሲመርጥ መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ምስሉ ምን ያህል እንደሚያምር ሳይሆን ሌንሱ እርሱን የት እንደሚያቆመው ነው። ያም ቦታ ሳይጮሁ «ስምዎን ማን ልበል?» ብሎ መጠየቅ የሚቻልበት መሆን አለበት። ይህ በቁጥር ሲነገር 35 ሚሊ ሜትር ወይም ለዚያ የቀረበ ሌንስ ማለት ነው።

ቁጥሩን ላልለመደ አንባቢ ነገሩን ላፍታታው። ሌንስ ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ቁጥር የትኩረት ርዝመት ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያያል፤ ሲበዛ ከሩቅ ጠባብ ቦታ ለይቶ ያቀርባል። መለኪያችን 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነው የፊልም መጠን ይሁን፤ ባለሙሉ ሴንሰር የሚባሉት የዛሬ ካሜራዎችም በዚሁ መጠን የተሠሩ ናቸው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ የሆነን ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በአግድም ፍሬም ለማስገባት በ35 ሌንስ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ይበቃል። በ50 ሦስት ሜትር ተኩል፣ በ85 ስድስት ሜትር፣ በ200 ደግሞ ከ14 ሜትር በላይ መራቅ ግድ ይላል። በሁለት ሜትር ተኩል ሁለት ሰዎች ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የልጆቻቸውን ደኅንነት ይጠያየቃሉ። በ14 ሜትር አንዱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ለመነጋገር መጣራት ይኖርባቸዋል፤ መነሳቱንም ያላወቀ ሰው አይጣራም።

ይህ ስሌት ቤት ውስጥ ሲገባ ይበልጥ ይከብዳል። አራት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ ቡና ተፈልቷል እንበል። ረከቦቱ፣ ከሰል ምድጃው ላይ የተጣደው ጀበና፣ የምታፈላዋ ሴትና ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤት አንድ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ይይዛሉ። 35 ሌንስ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ ከሁለት ሜትር፣ እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጦ ያነሳዋል። 85 የያዘው ግን ለዚያው ስፋት አራት ሜትር ከሰባ ያህል መራቅ ስላለበት ጀርባው ከግድግዳው ውጭ ነው። ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው እንግዲህ ከቤት ይወጣል፤ ከቤት ሲወጣ ደግሞ የሚያገኘው ደጅ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው። ጎዳና ዳር የተኛውን፣ ሸክም ተሸክሞ የሚያልፈውን፣ ቆሻሻ የሚለቅመውን ያነሳል። እዚያው ሰፈር ጓዳ ውስጥ እንጀራ የምትጋግረው፣ የልጇን ደብተር የምታየው፣ ዕቁቧን የምትቆጥረው ሴት አትታይም። ዓመቱን ሙሉ በረጅም ሌንስ የተነሳ ሰፈር በምስል ሲሰበሰብ ችግር ብቻ ያለበት፣ ኑሮ የሌለበት ሰፈር ይመስላል። ይህንን ያመጣው የፎቶ አንሺው ክፋት ሳይሆን ሌንሱ ያቆመው ቦታ ነው።

ርቀት ቅርፅንም ይለውጣል። ጠዋት ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ እናስብ፤ በሁለት ሰዎች መካከል አራት ሜትር ክፍተት አለ። ከፊተኛው ሰው ሁለት ሜትር ርቀን ብናይ ኋለኛው ስድስት ሜትር ላይ ስለሆነ የፊተኛውን ሲሶ ያህል ሆኖ ይታየናል፤ ዓይናችን ክፍተቱን ይረዳዋል። ያንኑ ሰልፍ ከ20 ሜትር ብናይ አንዱ 20፣ ሌላው 24 ሜትር ላይ ናቸው። ኋለኛው የፊተኛውን አምስት ስድስተኛ ያህል ስለሚሆን ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ ይመስላሉ። በዓይናችን ብናየው በዙሪያው ያለው መንገድ ስለሚታየን ብዙም አንሳሳትም። ረጅም ሌንስ ግን ዙሪያውን ቆርጦ ጥሎ የተጠጋጉትን ሰዎች ብቻ ገጹን ሞልቶ ያቀርባቸዋል። የሚያጣብቀው ርቀቱ ነው፤ ሌንሱ የሚሠራው ርቀቱን ከአንባቢው መሰወር ነው።

ለዚህ በአደባባይ የታየ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የኮሮና ወረርሽኝ አውሮፓን ዘግቶ ሳለ፣ በዴንማርክ ሰዎች ርቀታቸውን ሳይጠብቁ ተሰበሰቡ የሚያሰኙ ምስሎች ቁጣ አስነስተው ነበር። ሪትዛው ስካንፒክስ የተባለው የፎቶ ድርጅት ፎቶ አንሺዎች ያንኑ ቦታና ያንኑ ሰዎች አንድ ጊዜ በረጅም ሌንስ፣ አንድ ጊዜ በሰፊ ሌንስ አነሷቸው። በመጀመሪያው ሰዎቹ የተፋፈጉ ይመስላሉ፤ በሁለተኛው ግን ተራርቀው ተቀምጠዋል። ምስሎቹ አልተነካኩም፣ አልተቀናበሩም። ሁለቱም እውነተኛ ፎቶግራፎች ሆነው ሳለ አንባቢውን ወደ ተቃራኒ ፍርድ ወሰዱት። ስለ ዳቦ ሰልፍ፣ ስለ ገበያ ግርግር፣ ስለ ስታዲየም ተመልካች ወይም ስለ አደባባይ ስብሰባ በየዕለቱ የምናየው ምስልም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ሕዝብ ወጣ ወይም አልወጣም ብለን ስንከራከር ብዙውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ሕዝቡ ብዛት ሳይሆን ካሜራው ስለቆመበት ቦታ ነው።

ሰፊ ሌንስም ንጹሕ አይደለም። 24 የያዘ ሰው በጣም ከተጠጋ አሥር ሰዎችን እንደ ሠራዊት ሊያስመስላቸው ይችላል፤ ፍሬሙ ጠርዝ ላይ የወደቀ ሰው ራሱ ተለጥጦ ይወጣል። ሌላም መዘዝ አለ። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ ከግማሽ ሜትር ላይ የተነሳ ፊት ጆሮው ከአፍንጫው አንጻር በአንድ አምስተኛ ያህል አንሶ ይታያል። ሰውየው አፍንጫው ተንቀባሮ፣ ግንባሩ ሸሽቶ ከራሱ ጋር ይጣላል። ከሁለት ሜትር ሲነሳ ግን ያ ልዩነት ከመቶ ስድስት እንኳ አይሞላም። ምንም የማይለውጥ ሌንስ ፈልገን የትም አናገኝም። ልንፈልግ የምንችለው ነገር ቢኖር፣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያወራው ሰው ከሚያየው ብዙ የማይርቅ ምስል የሚሰጥ ሌንስ ነው። 35 ያን ያደርጋል። ሰውየውን ሳያዛባ ያቀርበዋል፣ ክፍሉንና ሰፈሩን ሳይቆርጥ ያስገባዋል፣ ፎቶ አንሺውን ደግሞ ከጨዋታው አያወጣውም።

የፎቶግራፍ ታሪክን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1925 ላይፕዚግ ላይ ለገበያ የቀረበችው ላይካ ካሜራ ሌንሷ 50 ነበር፤ ሄንሪ ካርቲየ ብረሶንም የዕድሜውን አብዛኛውን ሥራ የሠራው በ50 ነው። ጆሴፍ ኩደልካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቼኮስሎቫኪያ የሮማ ሕዝቦችን ኑሮ የመዘገበው በ25 ሌንስ፣ ጠባብ ቤቶቻቸው ውስጥ ገብቶ ነው። እንግዲህ 35 ላይ ምን አጣበቀህ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሴ እነዚሁ ስሞች ውስጥ አለ። ሁለቱ በቁጥር ቢለያዩም ከሰው ጋር መነጋገር ከሚቻልበት ርቀት አልወጡም፤ ከመንገድ ማዶ ሆኖ በ200 የሰውን ኑሮ እንዘግብ አላሉም። ስለዚህ 50 የሚወድ በ50 ይሥራ፤ 28ም የሚመቸው በ28 ይሥራ። እኔ 35ን የማስቀድመው በሁለቱ መካከል ስላለ ብቻ አይደለም። 50 የእኛን ትናንሽ ክፍሎች ይጠባቸዋል፤ 24ና ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ያለ ብዙ ልምድ ሰውን ያዛባሉ። ለሚማር ሰው ስሕተቱን የሚቀንስለት መካከለኛው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ የሚያንገበግብ ምክንያት አለው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከኮረምና ከመቀሌ የወጡ ምስሎች ዓለምን አስነስተዋል፣ እህል አስጭነዋል፣ ሕይወት አትርፈዋል። ያንን ውለታ የሚክድ የለም። ይሁንና እነዚያ ፊቶች ለዓለም የደረሱት ያለ ስም ነው። የካናዳ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በሞት አፋፍ ላይ ሳለች የቀረጿት ሕፃን ምስሏ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ለዓለም ሕዝብ ታየ፤ ብርሃን ወልዱ የሚለውን ስሟን ግን አብዛኛው ዓለም የሰማው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2005 ለንደን ላይ በላይቭ ኤይት መድረክ ጎልማሳ ሆና ስትቆም ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል 20 ዓመት አለ። በእነዚያ 20 ዓመታት ውስጥ ያ ፊት የአንዲት ልጅ መሆኑ ቀርቶ የአገር መለያ ሆኖ ነበር። ስም የሌለው ፊት ማንም የፈለገውን የሚጽፍበት ባዶ ገጽ ነው፤ በእኛ ላይም ብዙ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይመጣል። ቀርቦ ማንሳት በራሱ ክብር አይሆንም፤ ይህ እውነት ነው። ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ በዚያው ረሃብ ዘመን ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሳህል አገሮች ሠርቷል፤ ከሰዎቹ መካከል ገብቶ እንጂ ከሩቅ ሆኖ አላነሳም። ያም ሆኖ ጸሐፊዋ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሳልጋዶ ስለ ስደተኞች ባቀረበው ሥራ ላይ የድሆቹ ስም በምስሎቹ መግለጫ አለመጻፉን አጥብቃ ነቅፋለች። ከእኛው አገርም ምሳሌ አለ። በደቡብ ኦሞ ቱሪስት ለአንድ ምስል ከፍሎ፣ ሁለት ሜትር ተጠግቶ አንስቶ፣ ስም ሳይጠይቅ መኪናው ውስጥ ይገባል። ቅርበቱ የተገዛ ስለሆነ ዝምድና አልወለደም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሐሳቤ ግን አጭር ሌንስ ሰውን ያከብራል የሚል አይደለም። አጭር ሌንስ ማክበር ወደሚቻልበት ቦታ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፎቶ አንሺው ኃላፊነት ነው። ከሁለት ሜትር ላይ ስም ያልጠየቀ ሰው እየቻለ ነው ያልጠየቀው፤ ስለዚህ ልንወቅሰው እንችላለን። ከ20 ሜትር ያነሳው ግን ስም አለመጠየቁን እንኳ አያስታውሰውም። የሶንታግ ነቀፋ ሐሳቤን አያፈርሰውም፤ ሌንሱ ብቻውን እንደማይበቃ ነግሮ ይሞላዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሙያው ሰዎች የሚሰማ ነው። ካሜራ አጠገባቸው ሲመጣ ሰዎች ይለወጣሉ፣ ልብሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ፈገግ ይላሉ፤ እውነተኛው ኑሮ የሚገኘው ሳያውቁ ሲነሱ ነው ይላሉ። ሰዎች መለወጣቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ መሸሽ ሳይሆን መቆየት ነው። ቡና ሦስት ጊዜ የሚቀዳ አገር ውስጥ ይህን ማስረዳት አይከብድም። አቦል ሲቀዳ እንግዳው እንግዳ ነው፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ቶና ላይ ወሬው ይሞቃል። በረካ ላይ ካሜራውን የሚያስታውሰው የለም። አቦል ላይ ተነስቶ የሚሄድ ፎቶ አንሺ ቀጥ ብሎ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ይዞ ይሄዳል። ደግሞስ ሰው ሲነሳ ነጠላውን ማስተካከሉ ከመቼ ወዲህ ነው ሐሰት የሆነው? በአደባባይ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ መናገሩ ነው፤ ይህም ራሱ ሊዘገብ የሚገባው እውነት ነው። ሳያውቅ የተነሳ ሰው ግን ይህን የመናገር ዕድል ተወስዶበታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሐዘንና የአደጋ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የአሶሺየትድ ፕሬስ ፎቶ አንሺ ሙሉጌታ አየነ ከወደቀበት ስፍራ አፈር በፊቷ ላይ የምትበትን ሐዘንተኛ አነሳ። ምስሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ለወርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ፎቶግራፍ ሽልማት ከታጩት አንዱ ሆነ። በዚያች ቅጽበት ሄደህ ስሟን ጠይቅ የሚል ልብ ያለው ሰው የለም። ተኩስ ባለበት፣ እሳት በሚነድበት፣ ፖሊስ በከለለው ቦታም ቅርበት ሞኝነት ሊሆን ይችላል። ለነዚህ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል፤ ቦርሳ ውስጥ መኖሩንም አልቃወምም። የምቃወመው ለጭንቅ ቀን የተፈቀደው ርቀት የዘወትር ልማድ ሲሆን ነው። የሚሸምነው ሸማኔ፣ ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጅ፣ ጎመን የምትሸጠው እናት አደጋ ላይ አይደሉም፤ ፎቶ አንሺውም ከእነርሱ የሚጠብቀው ክፉ ነገር የለም። ለቅሶ ቤትም ቢሆን ባህላችን የሚያስተምረው ከበር ቆሞ ማየትን አይደለም። ለቀስተኛ ገብቶ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይነሳል። ካሜራ የያዘው ሰውም መጀመሪያ ገብቶ ቢቀመጥ ካሜራውን ማውጣት ወይም አለማውጣት እንዳለበት ቤቱ ራሱ ይነግረዋል።

የቀረው የገንዘብና የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ብዙ ወጣቶች የሚጀምሩት ሴንሰሩ ባነሰ ካሜራ ነው፤ በእነዚህ ላይ የሌንሱ ቁጥር እንደ ካሜራው ዓይነት በ1.5 ወይም በ1.6 ይባዛል። ርካሽ ነው ተብሎ በብዛት የሚገዛው 50 ሌንስ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ እንደ 75 ወይም እንደ 80 ስለሚሠራ፣ ወጣቱ ሳያውቀው ከሰዎች ርቆ መቆም ይለምዳል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18–55 ዙም ግን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ ቀለበቱን 22 እና 24 መካከል አድርጎ ቢተወው 35 በእጁ ነው። ዙሙ እንዳይፈትነው ከፈለገ ቀለበቱን በፕላስተር ያስረው። ዙም ክፉ አይደለም፤ ግን ፍሬሙን እግር መሙላት ሲገባው እጅ ይሞላዋል፤ ፎቶ አንሺውም ለምን እዚያ እንደቆመ ሳያስብ ይውላል። ስልክ ብቻ ያለውም ከዚህ ውይይት ውጭ አይደለም። የአብዛኛው ስልክ ዋና ካሜራ ከ24 እስከ 28 ባለው መካከል ስለሚያይ፣ ሰውን ፍሬሙ ጠርዝ ላይ አለማስቀመጥና ፊት ላይ አለመደቀን ብቻ ይበቃዋል።

ስለዚህ ለጋዜጦቻችንና ለፎቶግራፍ አስተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። አስተማሪው ተማሪውን የመጀመሪያውን ዓመት በአንድ የትኩረት ርዝመት ያሠራው፤ ምስሉን ሲያርምም ስለ ብርሃኑ ከመናገሩ በፊት «የት ቆመህ ነበር?» ይበለው። አርታኢው የብዛት ክርክር ሊያስነሳ የሚችል ምስል ሲቀርብለት ከየት እንደተነሳና በምን ሌንስ እንደተነሳ ይጠይቅ፤ የተጣበቀውን ምስል ሰፋ ካለው ጋር አጣምሮ ያውጣው። የአንድ ሰው ፊት ገጹን ሞልቶ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ፣ ስሙ መገለጡ ለራሱ አደጋ ካልሆነ ወይም ራሱ ካልከለከለ በቀር፣ ከሥሩ ስሙ ይጻፍ። «አንዲት እናት»፣ «አንድ የቀን ሠራተኛ» የሚሉ መግለጫዎች ገጽ በገጽ ሲደጋገሙ አርታኢው ስለ ቃላት ምርጫ ብቻ አይጨነቅ፤ ፎቶ አንሺዎቹ ሩቅ ቆመው እንደሚውሉ ይወቅ።

የከረመ ጋዜጣ ሲገለጥ ዜናው ያረጃል፣ ዋጋው ይለወጣል፣ ሹሙ ይረሳል። ፊቶቹ ግን ይቆያሉ፤ የልጅ ልጆችም «ይቺ ማን ነበረች?» ይላሉ። መልሱ የሚገኘው ያኔ ካሜራ የያዘው ሰው ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ስምዎን ማን ልበል?» ብሎ ከነበረ ብቻ ነው።